ወረቀቱ 405 ይላል፣ ደንገጎ ሌላ ይላል፦ የመኪና ፍጆታ ቁጥሮች ንጽጽር ለድሬዳዋና ለሐረር ገዢ

ባለፈው ግንቦት የአክስቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ተነሣና "ወረቀቱን ታነብልኛለህ" ብሎ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ይዞኝ ሄደ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሦስት መኪኖች ቆመዋል። አንደኛዋ ከቻይና የመጣች አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በፊት መስታወቷ ላይ በተለጠፈው ወረቀት "405" የሚል ቁጥር ጎልቶ ይታያል፤ የቀረው ሁሉ ቻይንኛ ስለሆነ አንባቢነቴ እዚያው አበቃ። ሁለተኛዋ ያገለገለች የጃፓን ቪትዝ ናት። ደላላው ስልኩን አውጥቶ እያሳየን "አቦ፣ በሊትር 22 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው፤ ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ነው" አለ። ሦስተኛዋ አሜሪካ ስትነዳ ቆይታ በዱባይ በኩል የገባች ኮሮላ ስትሆን የእርሷ ቁጥር በማይልና በጋሎን ነው፦ 31።

"ታዲያ ቆጣቢዋ የቷ ናት?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን ገዢው ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ይሄድ ነበር ይባላል፤ ሻጩ ደግሞ ክንዱ አጭር የሆነ ልጁን ያቀርባል። ፊታችን የቆሙት ሦስቱ ቁጥሮችም በሦስት የተለያዩ ሰዎች ክንድ የተለኩ ነበሩ። የቻይናው ክንድ፣ የጃፓኑ ክንድ፣ የአሜሪካው ክንድ። ሁሉም በሕግ የታወቁ ናቸው፣ በሐሰት የተጻፈም የለም፤ ነገር ግን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ይህ ግራ መጋባት ብሷል። አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ፊት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ ነው፤ ነዳጅ የሚፈልግ ደግሞ አገር ውስጥ ካለው ያገለገለ ይመርጣል። ስለዚህ ዛሬ ገዢው የሚያመዛዝነው አንዱን ቤንዚን ከሌላው ቤንዚን ጋር ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን የቻይናን ኪሎ ሜትር ከጃፓን ሊትር ጋር ነው።

አስቀድሞ መስፈርቱ

ቁጥሩን ከማመን በፊት አራት ነገሮችን እጠይቃለሁ። ፈተናው መኪናዋን በምን ያህል ፍጥነት ነዳት? ኤሲ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ? ዳገት ነበረበት? ለካሁ ያለውስ ማን ነው፣ ማንስ አረጋገጠው? አምስተኛው የአሃድ ጉዳይ ነው፤ እርሱ የሒሳብ ሥራ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሦስተኛውን መልስ አሁኑኑ ልናገር፣ ምክንያቱም ለሁሉም አንድ ነው፦ ዳገት የለም። በየትኛውም አገር ኦፊሴላዊ ፈተና ውስጥ ያለው መንገድ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁጥሩ የሚወለድበት ክፍል

ብዙ ሰው መኪናዋ መንገድ ላይ ተነድታ፣ ነዳጇ ተለክቶ የተጻፈ ይመስለዋል። መኪናዋ ግን ከተዘጋ ክፍል አትወጣም። የሚነዱት ጎማዎቿ ወለሉ ውስጥ በተቀበሩ ትልልቅ የብረት ከበሮዎች ላይ ያርፋሉ፤ ጎማው ሲዞር ከበሮው ይዞራል፣ መኪናዋ ባለችበት ትቆማለች። ከፊቷ ትልቅ ማራገቢያ ይነፍሳል። ሹፌሩ ደግሞ መንገድ ሳይሆን ስክሪን ያያል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣና የሚወርድ መስመር አለ፤ በዚህ ሰከንድ 20፣ በዚያ ሰከንድ 48፣ ከዚያ ዜሮ። የሹፌሩ ሥራ ያንን መስመር በእግሩ መከተል ነው፤ በሰዓት ከሁለት ወይም ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ከሳተ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ያ መስመር ነው እንግዲህ "የአሜሪካ" ወይም "የቻይና" መለኪያ የሚባለው።

ክፍሉ ውስጥ እውነተኛ ነፋስም እውነተኛ አስፋልትም ስለሌለ ከበሮው ምን ያህል መክበድ እንዳለበት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለዚህ መኪናዋ አንዴ ወደ ሜዳ ትወጣለች። ሜዳማ መንገድ ላይ በሰዓት ከ115 ኪሎ ሜትር በላይ ታፋጥንና ማርሹ ባዶ ላይ ይደረጋል። ከዚያ ዝም ብላ እየተንሸራተተች ፍጥነቷ እስኪወርድ ጊዜው ይመዘገባል። ቶሎ ከቆመች ነፋሱና ጎማው በጣም ይይዟታል ማለት ነው፤ ብዙ ከሄደች ቀላል ናት። ከበሮው በዚህ ውጤት መጠን እንዲከብድ ይደረጋል።

ታሪኩን ያየ ሰው ማጭበርበሩም ስሕተቱም በአብዛኛው እዚህ ቦታ ላይ እንደተገኘ ይረዳል። ሃዩንዳይና ኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የብዙ ሞዴሎቻቸውን ቁጥር ዝቅ እንዲያደርጉ የተገደዱት በዚሁ የመንሸራተት ልኬት ምክንያት ነው። ሚትሱቢሺ በ2016 የትንንሽ መኪኖቹን ፍጆታ አሳምሮ ማቅረቡን ያመነውም እዚሁ ላይ ነው። ከበሮው በጥቂቱ ከቀለለ መኪናዋ ምንም ሳትለወጥ "ቆጣቢ" ትሆናለች።

ነዳጁ ራሱ የሚለካበት መንገድ ይበልጥ ይገርማል። ታንኩ ውስጥ ስንት ቀረ ብሎ የሚያይ የለም። ጭሱ በከረጢት ይጠራቀምና ውስጡ ያለው ካርቦን ይቆጠራል። በቤንዚን ውስጥ የገባ ካርቦን በጭስ ማውጫ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንዳንድ ወረቀት ላይ "115 ግራም በኪሎ ሜትር" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ለ23 ያካፍሉት፤ 5 ይመጣል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ማለት ነው። ይህቺ ማካፈል ደላላ ፊት ብዙ ጊዜ ጠቅማኛለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ስለሌላት ሌላ ዘዴ አላት። ባትሪዋ ይሞላል፤ ከበሮው ላይ እስክትደክም ትነዳለች፤ ከዚያ እንደገና ስትሞላ ከግድግዳው የወጣው ኤሌክትሪክ ይቆጠራል። ልብ ይበሉ፣ ከግድግዳው ነው የሚቆጠረው። ቻርጅ ሲደረግ የተወሰነው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ባትሪው 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ከያዘ ቆጣሪዎ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ያያሉ። እኔ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሬ ነው የማስበው።

መለኪያዎቹ አንድ በአንድ

የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ፣ በፊደላቱ ኢፒኤ፣ ከሁሉም ጨካኙ ነው፤ እኔም የማምነው እርሱን ነው። እስከ 2007 ሞዴል ድረስ ሁለት ፈተና ብቻ ነበረው። የከተማው 31 ደቂቃ ይወስዳል፤ 17.8 ኪሎ ሜትር በአማካይ 34 ፍጥነት ይነዳል። የአውራ ጎዳናው ደግሞ 16.5 ኪሎ ሜትር በ13 ደቂቃ፣ ከ97 ሳያልፍ። ሕዝቡ "ወረቀቱ ያለውን አናገኝም" እያለ ስላማረረ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ሦስት ተጨመሩ፦ እስከ 129 ኪሎ ሜትር የሚያደርስ ኃይለኛ አነዳድ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ብርድ፣ እንዲሁም ኤሲ ተከፍቶ በ35 ዲግሪ ሙቀት። የድሬዳዋ ሰው "35 ዲግሪ ደግሞ ሙቀት ነው?" ሊል ይችላል፤ ቢሆንም ከምናነጻጽራቸው መለኪያዎች ኤሲ ከፍቶ የሚለካው ይህ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ ለማይታየው ዳገት፣ ነፋስና ልል ጎማ ተብሎ በስሌቱ ውስጥ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ይቀነሳል። ብርዱ እኛን አይመለከተንም፤ እርሱ የሚያስቀንሰውን ግን ለደንገጎ እንደ ተከፈለ ቀብድ እቆጥረዋለሁ።

የከተማውና የአውራ ጎዳናው ውጤት 55 በ45 ሆነው ይዋሃዳሉ፤ ሆኖም በቀጥታ አይደመሩም። ከተማ ውስጥ በሊትር 10፣ ውጭ 15 የምትሄድ መኪና አማካይዋ 12.25 ይመስላል፤ ትክክለኛው ግን 11.8 ነው፤ አማካይ የሚወሰደው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን የተቃጠለው ነዳጅ ስለሆነ።

ፈተናውን የሚያደርጉት በአብዛኛው አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። ኤጀንሲው ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር በሚገኘው ቤተ ሙከራው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ውጤት ያረጋግጣል። ፈተናውን ተማሪው ራሱ አርሞ መምህሩ ከአምስት አንዱን ወረቀት እንደሚያይ ማለት ነው። ፍጹም አይደለም፤ እነ ሃዩንዳይ የተያዙት ግን በዚሁ መንገድ ነው።

የአውሮፓው ሁለት ዘመን አለው። የድሮው፣ ኤንኢዲሲ የሚባለው፣ ዛሬም በብዙ ያገለገሉ መኪኖች መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ 11 ኪሎ ሜትር፤ አነሣሡ አዛውንት የሚነዳት እስኪመስል ቀርፋፋ፣ ኤሲው ዝግ፣ መብራቱ ጠፍቶ። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት ባደረገው ንጽጽር በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት በ2001 ወደ 10 በመቶ የነበረው በ2015 ከ40 በመቶ አልፏል። መኪኖቹ በመንገድ ላይ አልባሱም፤ አምራቾቹ ፈተናውን ለማለፍ በረቱ እንጂ።

አዲሱ፣ ደብሊውኤልቲፒ፣ ከመስከረም 2017 በአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከመስከረም 2018 ደግሞ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ሆነ። 30 ደቂቃ፣ 23 ኪሎ ሜትር፣ እስከ 131 ፍጥነት። ከድሮው በእጅጉ ይሻላል፤ ኤሲው ግን አሁንም ዝግ ነው። ከ2021 ጀምሮ አዳዲስ የአውሮፓ መኪኖች የተጠቀሙትን ነዳጅ ራሳቸው ይመዘግባሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ዘገባ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች እውነተኛ ፍጆታ ከወረቀቱ 20 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ አሳየ። ነዳጅም ሶኬትም ያላቸው ሃይብሪዶች ደግሞ ከወረቀታቸው 3.5 እጥፍ በልተው ተገኙ፤ ፈተናው ባለቤቱ በየጊዜው ቻርጅ ያደርጋል ብሎ ያስባል፣ ባለቤቱ ግን ገመዱን ከፕላስቲኩ አላወጣውም። ከእነዚህ አንዷን "በሊትር 50 ትሄዳለች" ብሎ የሚያቀርብልዎ ቢመጣ ዝም ብለው ይለፉት።

የጃፓኑ ለእኛ አገር ከሁሉም በላይ አስፈላጊው ነው፤ ከየአራቱ መኪና አንዷ የምትመስለን ቪትዝ የመጣችው ከዚያ ነውና። አሮጌው "10-15" የሚባለው 11 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 4.2 ኪሎ ሜትር፤ ፍጥነቱ ከ70 አያልፍም፤ ሞተሩም አስቀድሞ ሞቆ ነው የሚጀመረው። ቀጥሎ የመጣው ጄሲ08 ወደ 20 ደቂቃና 8.2 ኪሎ ሜትር አሳደገው፤ ከፍተኛው ፍጥነት 82። አንድ መኪና ላይ ብናየው ይገባናል። በ2009 የወጣችው ሃይብሪዷ (የቤንዚን ሞተርም ባትሪም ያላት) ቶዮታ ፕሪየስ ቀላሏ ዓይነት በ10-15 በሊትር 38 ኪሎ ሜትር ተባለች፤ በጄሲ08 32.6፤ በድሮው የአውሮፓ መለኪያ 25.6 ገደማ፤ በአሜሪካው 21.3። ትውልዱ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ጃፓን ላይ 38 አሜሪካ ላይ 21። በጓደኛዎ ስልክ ላይ "38" ያዩ እንደሆነ የትኛው ክንድ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

የቻይናው ሲኤልቲሲ ዛሬ አዳራሹን የሞላው ነው። 30 ደቂቃ ቢቆይም የሚሄደው 14.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ አማካዩ 29፣ ከፍተኛው 114። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ብዙ መቆም፣ ብዙ መነሣት። ለቤንዚን መኪና ይህ ቅጣት ነው፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ግን ግብዣ ነው። ፍሬን ስትይዝ ኃይሉን መልሳ ባትሪ ውስጥ ታስገባለች፤ ቆማ ስትጠብቅም የምትበላው የለም፤ በዝግታ ስለምትሄድ ነፋሱ አይታገላትም። ተመሳሳይዋን ቴስላ ሞዴል 3፣ ባለ አንድ ሞተሯንና ትንሿን ባትሪ፣ በ2024 ሦስቱ አገሮች እንዲህ ጻፏት፦ ቻይና 606 ኪሎ ሜትር፣ አውሮፓ 513፣ አሜሪካ 438።

እዚህ ላይ ግን ቻይናውን አልረግመውም። ከለገሃሬ ተነሥቶ በመጋላ አልፎ ሳቢያን የሚደርስ ሰው፣ ባጃጅ ከፊቱ፣ ባጃጅ ከኋላው፣ አማካይ ፍጥነቱ ከ29 የሚበልጥ አይመስለኝም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ የድሬዳዋ ሰው የቻይናው መስመር ከአሜሪካው አውራ ጎዳና ይልቅ የእርሱን መንገድ ይመስላል። የጎደለው ሙቀቱ ነው።

| መለኪያ | ቆይታ | ርቀት | አማካይ / ከፍተኛ ፍጥነት (በሰዓት ኪ.ሜ.) | ኤሲ | በከተማ ሲባዛ | ለሐረር መንገድ ሲባዛ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አሜሪካ፣ ከ2008 ወዲህ | 5 ፈተናዎች | የከተማው 17.8 ኪ.ሜ. | የከተማው 34 / 91፣ ኃይለኛው እስከ 129 | በአንዱ ፈተና ክፍት | 1 | 0.95 |
| አውሮፓ፣ አዲሱ | 30 ደቂቃ | 23.3 ኪ.ሜ. | 46.5 / 131 | ዝግ | 0.85 | 0.80 |
| አውሮፓ፣ የድሮው | 20 ደቂቃ | 11 ኪ.ሜ. | 33.6 / 120 | ዝግ | 0.75 | 0.70 |
| ጃፓን፣ ጄሲ08 | 20 ደቂቃ | 8.2 ኪ.ሜ. | 24.4 / 82 | ዝግ | 0.75 | 0.70 |
| ጃፓን፣ 10-15 | 11 ደቂቃ | 4.2 ኪ.ሜ. | 22.7 / 70 | ዝግ | 0.70 | 0.65 |
| ቻይና፣ ለኤሌክትሪክ | 30 ደቂቃ | 14.5 ኪ.ሜ. | 29 / 114 | ዝግ | 0.80 | 0.70 |

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች የወረቀቱ ኪሎ ሜትር ወደ እኛ መንገድ እንዲቀርብ የሚባዛባቸው ቁጥሮች ሲሆኑ፣ የእኔ ግምት ናቸው፤ የማንም መሥሪያ ቤት ማኅተም የለባቸውም። ከላይ ካየናቸው ልዩነቶች፣ ከሙቀታችንና ከዳገታችን ተነሥቼ ያወጣኋቸው ናቸው። የጃፓን ሃይብሪድ ከሆነች ከ0.05 እስከ 0.10 ይቀንሱላት፤ ፕሪየስ ላይ እንዳየነው የወረቀቷና የመንገዷ ርቀት የሰፋ ነው።

የአሃዱ ነገር

የአሜሪካ ማይል በጋሎን ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሆነ ለማወቅ 235ን በቁጥሩ ማካፈል ነው። ኮሮላዋ 31 ነበረች፤ 7.6 ሊትር፤ በሊትር 13.2 ኪሎ ሜትር። ከእንግሊዝ የመጣች ከሆነ ጋሎኑ ስለሚበልጥ 282ን ያካፍላሉ።

እኛ "በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ብለን መጠየቅ ለምደናል። ጥያቄው ግን ያታልላል። በሊትር 10 ከምትሄደው ወደ 12 የተሻገረ ሰው በ10,000 ኪሎ ሜትር 167 ሊትር ያተርፋል። ከ20 ወደ 24 የተሻገረው ጭማሪው እጥፍ ሆኖ ሳለ የሚያተርፈው 83 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ "ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት" ቀይሮ ማወዳደር ይሻላል። አሜሪካኖቹም ከ2013 ሞዴል ጀምሮ ይህንን በመስታወት ወረቀታቸው ላይ ጨምረውታል።

አሁን ከዚራ የቆሙትን ሦስቱን ለሐረር መንገድ እንመልሳቸው። ቪትዟ ዕድሜዋን ሳየው ቁጥሯ የ10-15 ነው፤ 22 በ0.65 ሲባዛ 14.3፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር። ኮሮላዋ 13.2 በ0.95፣ 12.5 ገደማ፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር። ደላላው ባቀረበው መሠረት 4.5 ሊትርና 7.6 ሊትር ነበሩ፤ የሦስት ሊትር ልዩነት አንድ ሊትር ሆኖ ቁጭ አለ። ኤሌክትሪኳ 405 በ0.70፣ 283 ኪሎ ሜትር፤ ባትሪዋ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ከያዘ የቻርጅ ብክነቱን ጨምሮ ለ100 ኪሎ ሜትር 15.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ከግድግዳ። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ቪትዟ 1,050 ሊትር፣ ኮሮላዋ 1,200 ሊትር፣ ኤሌክትሪኳ 2,325 ኪሎ ዋት ሰዓት። የዕለቱን የማደያ ዋጋና የመብራት ቢልዎን አውጥተው ያባዙት፤ ዋጋው እኔ ከጻፍኩት በኋላ ተለውጦ ይሆናልና እዚህ አላስቀምጥም።

ደንገጎ በሒሳብ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ደንገጎ ጫፍ ላይ ስንደርስ ከ2,000 እንሻገራለን። ሰው ጭኖ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ማንሣት 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይጠይቃል፤ ይህ ወደ ፊት መሄዱን ሳይጨምር፣ ማንሣቱ ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ከተቃጠለው ነዳጅ ሩብ ወይም ከሩብ ትንሽ የሚበልጠውን ብቻ ለጎማው ስለሚያደርስ ለዚህ ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ያስከፍላል። ስንመለስ ቁልቁለቱ ያንን ሊትር አይመልስም፤ ፍሬኑን ያግለዋል እንጂ። ኤሌክትሪኳ ለመውጣት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትከፍላለች፤ ስትወርድ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ታስመልሳለች። በዚህ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ብልጫ ይህ ይመስለኛል፤ አንድም የመስታወት ወረቀት አይጽፈውም።

የአክስቴ ልጅ ኤሌክትሪኳን ለሙከራ ወስዶ አብረን ወጣን። ከድሬ ስንነሣ ዳሽቦርዱ 405 ይላል። ጠመዝማዛውን ስንጀምር ቁጥሩ እንደ ታክሲ ሒሳብ መቁጠር ጀመረ፤ ልዩነቱ ወደ ታች መሆኑ ነው። ደንገጎ ስንደርስ 340። የሄድነው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የተቆረጠው 65። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። "ሐረር ሳንደርስ ልታልቅ ነው እንዴ?" አለኝ። እዚያ ላይ ኤሲውን ዘግተን መስኮቱን ከፈትነው፤ የደጋው አየር ገባ። በአዴሌና በሐረማያ በኩል መንገዱ ከፍ ዝቅ ቢልም እንደ ቅድሙ አይደለምና ቁጥሩ ከርቀቱ ጋር እኩል መውረድ ጀመረ። አወዳይ ላይ ከጫት ገበያው ግርግር መሐል ቆመን ስንጠብቅ ግማሽ ቁጥር እንኳ አልወረደም፤ ከአጠገባችን ያለው አሮጌ ፔጆ 404 ግን እያጨሰ ነበር። በማግስቱ ስንመለስ ከደንገጎ ወደ ድሬ ቁልቁል ስንወርድ ቁጥሩ ሽቅብ ሄደ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀረጸው።

ለማን የቷ

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ፣ ቤቱ ግቢና ሶኬት ላለው፣ የቻይናው ቁጥር በ0.80 ተባዝቶ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 300ዋም ትበቃዋለች፤ ለባለ 500ዋ የሚጨምረው ብር ማንም የማይጠጣው ውኃ እንደመግዛት ነው። ግቢ የሌለው ሰው ግን ስለ ፍጆታ ከማሰቡ በፊት የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ይወስን።

በየሳምንቱ ድሬ–ሐረር የሚመላለስ፣ ደርሶ መልሱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ወረቀቷ ላይ 300 ያላት መኪና በ0.70 ወደ 210 ትወርዳለች፤ ይበቃል፣ ትርፉ ግን የሚያስተማምን አይደለም። 400ው ምቾት ይሰጣል። ቤንዚን ከሆነ ምርጫው፣ ትንሿ ሞተር ደንገጎ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትጮህ የምትበላውን ወረቀቷ እንደማያውቅ ያስታውሱ፤ አራት ሰው ለሚጭን አንድ ሺህ ሲሲ ሁልጊዜ ቆጣቢ አይደለም።

ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ለሚያዘወትር ወይም አዲስ አበባ ለሚመላለስ የቻይናውን ቁጥር ጨርሶ ይርሱት። በ100 ፍጥነት፣ በቆላ ሙቀት፣ ኤሲ ከፍቶ፣ ከ0.60 በላይ አልቆጥርም። ለዚህ ሰው የአሜሪካ ወይም የአዲሱ አውሮፓ መለኪያ ቁጥር ያላትን መኪና እመርጥለታለሁ፤ ያቺው ሞዴል ውጭ አገር ከተሸጠች የዚያን አገር ቁጥር መፈለግ ነው። በመንገዱ ላይ ቻርጀር ያለበትን ቦታም ሳይደውሉ አይነሡ።

ብሩ ውስን የሆነ፣ ያገለገለች ቤንዚን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከወረቀቱ ይልቅ ለመኪናዋ ጤና ይጨነቅ። የ15 ዓመት መኪና ቁጥር የልጅነት ፎቶ ነው። የደከመ ሻማ፣ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ የሚይዝ ፍሬን በ10-15 እና በጄሲ08 መካከል ካለው ልዩነት በላይ ይበላሉ። አይሱዙ ለሚገዛው ነጋዴ ይህ ጽሑፍ ብዙም አይረዳም፤ የጭነት መኪና እንዲህ ያለ የመስታወት ወረቀት የላትም፤ ተመሳሳዩን የሚነዳ ሰው ፈልጎ ሻይ መጋበዝ ይሻላል።

የራስን ክንድ ማበጀት

መኪናዋ እጅዎ ከገባች በኋላ ኦፊሴላዊው ቁጥር ሥራውን ጨርሷል። ማደያ ሄደው ሙሉ ያስሞሉ፤ የነዳጅ መቅጃው ጠመንጃ መጀመሪያ ቀጭ ሲል ይብቃ ይበሉ፣ ቀጂው "ትንሽ ይያዝ" ቢልም እሺ አይበሉት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ። ሲያልቅ በዚያው ማደያ፣ ቢቻል በዚያው ፓምፕ፣ እንደገና በመጀመሪያው ቀጭታ ላይ ያቁሙ። የተቀዳው ሊትር ለተሄደው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ያ ነው ቁጥርዎ። አንዴ አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ አንዱ ሐረር ደርሶ መልስ ይሁን። የዳሽቦርዱን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ለማስደሰት ትንሽ ያደላል። ኤሌክትሪክ ከሆነች በቤት ቆጣሪ ላይ ከቻርጅ በፊትና በኋላ ያለውን መመዝገብ ነው፤ ያን ሌሊት ምጣዱ እንዳይጣድ ቤተሰብ ይነገረው።

የድሬ ባጃጅ ነጂዎች ይህንን ያለ ማንም አስተማሪ ያደርጉታል። አንዱን "በቀን ስንት ትበላለች?" ብዬ ስጠይቀው ሳያስብ በሊትር ነገረኝ፤ ሰው ሁለት ሲጭንና ሦስት ሲጭን ለይቶ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ኤሌክትሪኳን ገዛ። የጓንት ሣጥኑ ውስጥ ባለ መስመር ደብተር አስቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ከፍቼ ሳየው የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ድሬ–ሐረር–ድሬ፣ 110 ኪ.ሜ.፣ ሦስት ሰው፣ ኤሲ እስከ ደንገጎ። ከባትሪው 40 በመቶ ሄደ።" ከጎኑ በእርሳስ 275 ብሎ ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የመስታወቱ ወረቀት ግን አሁንም እንደተለጠፈ ነው፤ ለመንቀል አዘነ።